የሕፃን ትዕግሥትና የወላጅ ቃል

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት የመንፈስ ፍሬዎችን አንድ በአንድ በቈጠረ ጊዜ ራስን መግዛትን በመጨረሻ አስቀመጠው። በመጨረሻ መቀመጡ ከሌሎቹ ስለሚያንስ አይመስለንም፤ ፍቅርና ሰላም፥ ቸርነትና የውሃት በሰው ልብ መኖራቸው የሚታወቀው ሰውየው ሲራብ፥ ሲቈጣና ሲመኝ በሚያደርገው ነገር ስለ ኾነ ነው። ፍሬ ያለውም ሁሉ ዘር አለው፤ ዘርም የሚዘራበት ወራት አለው። የዚህ ፍሬ ዘር በብዛት የሚዘራው ልጁ አፉን ከሚፈታበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። እንግዲህ ሕፃን ልጅ የወደደውን ነገር ወዲያው ከመንጠቅ፥ በተቈጣም ጊዜ ከመምታትና ከመጮኽ ራሱን መግታት እንዴት እንደሚማር፥ እርሱን ለማስተማርም ወላጆችና ካህናት ምን እንደሚገባን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ ሰበታንና ተፍኪን ያለፈ መንገደኛ ተጂ ይደርሳል። ተጂ በበቾ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። የበቾ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፥ በእርሻው መካከል የሚያቋርጥ ሰውም ጫማውን ከጭቃው ውስጥ ትቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የዚህ አገር ገበሬ ሽንብራውን በሐምሌ አይዘራም። ዝናም አለ ብሎ ቸኵሎ ቢዘራ ዘሩ በተኛው ውሃ ውስጥ ይበሰብስበታል። ስለዚህ ዝናሙ እስኪያባራ፥ ውሃውም ከመሬቱ ላይ እስኪሸሽ ድረስ ይጠብቃል፤ መስከረም ሲጠባ ይዘራል፥ ሽንብራውም መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት አድጎ ያፈራል። ይህ ገበሬ መታገሥን የተማረው መሬቱ ስለማይከዳው ነው። ውሃው በየዓመቱ ይሸሻል፥ እርጥበቱም በየዓመቱ ይቀራል። አንዱን ዓመት እርጥበቱ ቢቀር ሌላውን ዓመት ግን ያለ ምክንያት ቢጠፋበት ኖሮ፥ መታገሥን እንደ ሞኝነት በቈጠረው ነበር። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

የፍልሰታ ጾም የሚውለው በዚሁ በክረምት፥ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ነው። በሀገራችን ይህን ጾም የሕፃናት ጾም ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ልጅ ለጾም ደረሰ የሚባለው በሰባት ዓመቱ ሲኾን፥ በፍልሰታ ግን ሰባት ዓመት ያልሞላቸውም ሳይቀሩ «እኔም እጾማለሁ» እያሉ እናቶቻቸውን ያስቸግራሉ። በተጂም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ሕፃናቱ ነጠላቸውን ለብሰው፥ እግራቸው በመረሬው ተለውሶ፥ ከእናቶቻቸው ጋራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ቅዳሴው እስኪፈጸም ቈይተው የሚቈርቡት ይቈርባሉ፤ ከዚያም ወደ ቤት ተመልሰው ንፍሮውን ወይም ቈሎውን ይቀምሳሉ።

አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ሆዱ ይጠራዋል። «አሁን ደረሰ?» ይላል፤ «ቈይ» ይባላል። ጥቂት ዝም ብሎ እንደ ገና ይጠይቃል። ከዚያ የጧፉን ነበልባል ያያል፥ ጸናጽሉን ያዳምጣል፥ ከጓደኛው ጋራ ይንሾካሾካል፥ የእናቱን ነጠላ ጥለት በጣቱ ይከተላል። ለትልቅ ሰው ይህ ሁሉ መቅበጥ ይመስለዋል፤ «ቀጥ ብለህ ቁም» ብሎም ይቈነጥጠዋል። ልጁ ግን በዚያን ሰዓት ረኃቡን የሚያሸንፍበትን ጥበብ እየፈለገ ነው።

ይህን ጥበብ በዓለም ላይ በሰፊው የመረመረው ወልተር ሚሸል የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ከ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ (ከዚህ በታች የውጭውን አገር ነገር ስንናገር ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን አንድ በአንድ በክፍል ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። በልጁ ፊት ጣፋጭ ነገር ይቀመጣል፤ አሁን ልብላ ካለ አንዱን ብቻ ይበላል፥ መምህሩ ወጥቶ እስኪመለስ ከታገሠ ግን ሁለት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ምን እንደሚያደርግ በስውር ይመለከቱታል። ጣፋጩን አፍጥጠው የሚያዩት፥ ጣዕሙንም የሚያስቡት ልጆች ቶሎ ተሸነፉ። ፊታቸውን ያዞሩ፥ ዓይናቸውን በእጃቸው የሸፈኑ፥ ለራሳቸው የዘፈኑ፥ ከራሳቸው ጋራ የተነጋገሩ ልጆች ግን ብዙ ቈዩ። ጣፋጩን እንደ ደመና አድርገህ አስበው የተባለ ልጅም ከሌላው ይልቅ ታገሠ።

እኛ ይህን ስናነብ አዲስ ነገር ኾኖ አላገኘነውም። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ጾም የሆድ ብቻ እንዳይደለ፥ የዓይንም፥ የጆሮም፥ የአንደበትም እንደ ኾነ አስተምሮናል። ዓይኑን ያልመለሰ ሰው ሆዱን እመልሳለሁ ቢል ትግሉ ይበዛበታል። ስለዚህ በቅዳሴ ጊዜ የጧፉን ነበልባል የሚያየው ልጅ መቈንጠጥ አይገባውም። እንዲያውም እናቱ ወደ ሥዕሉ ብታመለክተው፥ «መልአኩ በእጁ ምን ይዟል?» ብላ በጆሮው ብትጠይቀው ጥበቡን ታበዛለታለች።

የሚሸል ሥራ ዝናው እጅግ ሲገን ግን አንድ ስሕተት ተከተለ። በሕፃንነታቸው የታገሡት ልጆች ኋላ በትምህርታቸው የተሻሉ ኾነው ስለ ተገኙ፥ ብዙ ሰዎች ትዕግሥትን አንዱ ልጅ ይዞት የሚወለድ፥ ሌላው ግን የተነፈገው ሀብት አድርገው ተረጐሙት። በ2018 ዓመተ ምሕረት ታይለር ዋትስ የተባለ ተመራማሪ ከባልንጀሮቹ ጋራ ከ900 የሚበልጡ ልጆችን ነገር መርምሮ፥ የተባለው ብልጫ እንደ ተወራው እንዳይደለ፥ የቤተ ሰቡ ኑሮና የእናቲቱ ትምህርት ከግምት ሲገባም እጅግ እንደሚያንስ አሳየ። ልጁ የሚያድግበት ቤት በልጁ ትዕግሥት ውስጥ ተሰውሮ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በ2013 ዓመተ ምሕረት በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ትንሽ ምርመራ ነው። ልጆቹ 28 ብቻ ነበሩ፤ በሁለት ተከፈሉ። መምህርቷ ለሁሉም አሮጌ የሥዕል ቀለም እየሰጠች «ጥቂት ብትጠብቁ የተሻለ አመጣላችኋለሁ» አለቻቸው። ለእኩሌቶቹ ቃሏን ፈጸመች። ለእኩሌቶቹ ግን ባዶ እጇን ተመልሳ «ይቅርታ፥ የለንም» አለች። ሁለተኛም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ በኋላ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተፈጸመላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ የተታለሉት 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ቈዩ። ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9ኙ እስከ መጨረሻው 15 ደቂቃ ሲጠብቁ፥ ከሁለተኞቹ ግን አንድ ልጅ ብቻ ጠበቀ። በእነዚህ ልጆች መካከል የተፈጥሮ ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ የታጠፈው ቃል ነው።

የበቾውን ገበሬ አሁን እናስታውሰው። የተታለለው ልጅ ጣፋጩን ወዲያው ሲበላ ስንፍና አልሠራም፤ እርጥበቱ እንደማይቀር ያየ ገበሬ የሚያደርገውን አደረገ።

እንግዲህ በየቤታችን የምናደርገውን እንመርምር። «ዝም በል፥ ከገበያ ስመለስ ሙዝ አመጣልሃለሁ» እንላለን፤ ባዶ እጃችንን ተመልሰን ልጁ ሲጠይቅ «ነገ» እንላለን፥ ነገም አይመጣም። ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስደው «መርፌ የለም» ብለን እናስገባዋለን። እናት ልጇን ጥላ ወደ ሥራ ስትሄድ እንዳያለቅስባት በጨዋታ አስይዛ ተደብቃ ትወጣለች፤ ልጁ ዞር ሲል የለችም፥ ከዚያ ቀን በኋላም ከቀሚሷ አልላቀቅ ይላታል፥ እርስዋም «ምን ዐይነት ልጅ ነው!» ትላለች። ማታ ሲያለቅስ «ጅብ መጣ» ይባላል፤ ጅቡ ግን አይመጣም። ይባስ ብሎም «ቄሱ መጡልህ» እየተባለ የሚያስፈራሩበት ቤት አለ። ካህናት አባቶች ሆይ፥ የሕፃኑን ራስ በመስቀል ልንባርክ ስንጠጋ ከእናቱ ጀርባ የሚሸሸግበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። እነዚህ ሁሉ በንስሐ ጊዜ የማይነገሩ ውሸቶች ናቸው፤ ወላጁም እንደ ውሸት አይቈጥራቸውም። የአራት ዓመት ልጅ ግን ይቈጥራቸዋል።

«ድኻ ነኝ፥ ቃል ገብቼ ገበያው ቢወደድብኝ ምን ላድርግ?» የምትል እናት ትኖራለች። ጥያቄዋ እውነተኛ ነው። ለእርስዋ የምንመክራት ቃሏን እንድታሳንስ ነው። ነገ የሚመጣውን ሙዝ ከመናገር ይልቅ በእጇ ባለው በእፍኝ ቈሎ ቃል ትግባ፤ «እንጀራው እስኪወጣ ጠብቀኝና ይህን እሰጥሃለሁ» ትበል፥ ምጣዱ እንደ ተነሣም ልጁ ሳይጠይቃት ትስጠው። ትልቅ ተስፋ ታጥፎ ከሚቀር ይህ ትንሽ ነገር በቀን ሁለት ጊዜ ቢፈጸም ይሻላል። ከዚህም ጋራ፥ ምግብ በጐደለበት ቤት ያደገ ልጅ ካየው ነገር የተነሣ ቀድሞ ቢነጥቅ ስግብግብ ተብሎ ሊሰደብ አይገባውም። ወላጆቹን ያጣ ልጅ የሚያሳድጉ ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ዳቦውን ከትራሱ ሥር የሚደብቅ ልጅ ነገም ዳቦ እንዳለ እስኪያምን ድረስ ወራት ይፈጅበታል።

ከቃል ቀጥሎ የሚመጣው ልማድ ነው። በካሜሩን አገር የንሶ ሕዝብ ገበሬዎች የአራት ዓመት ልጆችና በጀርመን ከተማ ያደጉ እኩዮቻቸው በዚሁ በጣፋጭ ተፈትነው ነበር፤ ከንሶዎቹ ከመቶ 70 ያህሉ ሲታገሡ ከጀርመኖቹ ከመቶ 30 የማይሞሉት ብቻ ታገሡ። በ2022 ዓመተ ምሕረት የወጣው ሌላ ምርመራ ደግሞ የጃፓን ልጆች ለምግብ፥ የአሜሪካ ልጆች ግን ለተጠቀለለ ስጦታ የበለጠ እንደሚታገሡ አስረዳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጃፓን ልጅ ማዕድ ቀርቦ ሁሉም እስኪሰበሰብና እስኪመሰገን መጠበቅን በየቀኑ ይማራል፥ የአሜሪካው ልጅም የልደትን ስጦታ ቀኑ እስኪደርስ ሳይከፍት መጠበቅን ለምዷል። ትዕግሥት ልጁ በተለማመደበት ነገር ላይ ይበረታል።

እኛ የጃፓንን ማዕድ መፈለግ አያሻንም። በማዕድ ፊት መጸለይ፥ እጅ ማስታጠብ፥ አባት ወይም ካህን እስኪባርክና እንጀራው እስኪቈረስ መጠበቅ ከአያቶቻችን የተቀበልነው ነው። የሚያሳዝነው ዛሬ በብዙ ቤት አንዱ ቆሞ፥ አንዱ ቴሌቪዥን እያየ በየፊናው ስለሚበላ የሦስት ዓመቱ ልጅ የሚጠብቀው ነገር አጥቷል። በአማርኛም ኾነ በኦሮምኛ፥ በሚገባው ቋንቋ፥ ሠላሳ ቁጥር የማይሞላ አጭር ጸሎት ከማዕድ በፊት ቢደረግ ሕፃኑ በቀን ሦስት ጊዜ እጁን መግታት ይማራል። ጸሎቱ ግን ለልጁ ዕድሜ ይመጠን፤ የተራበ የሦስት ዓመት ልጅ በፊቱ ወጥ እየጨሰ ረጅም ጸሎት ይሰማ ዘንድ መጠየቅ ጸሎትን ማስጠላት ነው። ድሮ ልጆች ታላላቆች በልተው እስኪነሡ ቆመው ይጠብቁ የነበረውንም መልሱት አንልም። ትርፍራፊ የሚጠብቅ ልጅ የሚማረው ትዕግሥት ብቻ እንዳልነበረ ያሳለፍነው እናውቃለን።

የንሶ እናቶች ጥብቅ መኾናቸውን የሰማ ሰው «እንግዲያስ አለንጋው ትክክል ነበር» ይል ይኾናል። ጥብቅነትና ድብደባ ግን አንድ አይደሉም። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን በቃል ከመገሠጽ በቀር ስላልከለከላቸው ቤቱ እንደ ጠፋ እናውቃለን፤ ልጅ ወሰን ያስፈልገዋል፥ ትናንት የተከለከለው ዛሬም የተከለከለ መኾን አለበት። ስለ ዱላ ግን ዮሐንስ አፈ ወርቅ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት እንዲያሳድጉ በጻፈው ድርሳን ላይ ያለውን እናስብ። የልጅን ነፍስ በከተማ መስሎ፥ ዓይንንና ጆሮን፥ አንደበትንና ሌሎቹን ሕዋሳት በሮቿ አድርጎ ካስተማረ በኋላ፥ አባት ልጁን ዘወትር እንዳይመታው፥ መመታትን ከለመደ መናቅን እንደሚማር ይመክራል። ረቡዕና ዓርብ መጾምን እንዲለምድ ያዛል። ደግሞም የልጁ መጻፊያ ቢሰበርበት ወይም ቢጠፋበት አባቱ ቸኵሎ ሌላ እንዳይገዛለት፥ ልጁ ሳይቈጣ መቈየትን በዚያ ይለማመድ ዘንድ ይናገራል። ይህ አባት ያረፈው በ407 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ምክሩ ግን ለዛሬ እናት የተጻፈ ይመስላል።

በሀገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነጻ የመኾን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ፊደል የምናስቈጥር መምህራን ይህን ከሕግ ፍርሃት የተነሣ ብቻ ብንጠብቀው ያሳፍራል። ሀሁን በልምጭ የተማረ ልጅ ልምጩ ሲነሣ ዝም ይላል፥ መምህሩ ዞር ሲል ግን ይበጠብጣል፤ ገዢው ከውጭ ስለ ኾነ፥ ገዢው ሲሄድ የሚገዛው የለም።

ዕድሜንም ማወቅ ይገባል። በግንባር በኩል ያለው፥ ስሜትን የሚገታው የአንጐል ክፍል ዕድገቱን የሚፈጽመው ሰው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅ በመሬት ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ ክፋት አልገባበትም፤ የሚገታበት ልጓም ገና አልተሠራለትም። በዚያን ሰዓት ምክርም ቁጣም አይሰማም። አጠገቡ መቀመጥ፥ እንዳይጐዳ መያዝ፥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ተቈጥተሃል» ብሎ የደረሰበትን ነገር በስሙ መጥራት፥ ሲረጋም የተከለከለውን ነገር እንደ ተከለከለ ማስቀረት ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ ትልቁ ሰው ራሱን መግዛት አለበት፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ትምህርት ከባዱ ክፍል ይህ ነው።

ጨዋታም አይናቅ። ሕፃናት ኩኩሉ ሲጫወቱ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ዶሮ እየጮኸ መንጋቱን ይጠይቃል፤ የተደበቁት እስኪፈቅዱለት ድረስ ዓይኑን መግለጥ አይችልም። መግለጥ እንዴት እንደሚያምረው አስቡ! ማንም ሳይመታው፥ ማንም ሳይሰድበው፥ ጨዋታው እንዳይበላሽ ብሎ ብቻ ራሱን ይገታል። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅም ተራዋን ትጠብቃለች፥ መሥመር የረገጠች እንደ ኾነም ራሷ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የሚጫወቱትን ልጆች ከማባረራችን በፊት ይህን ብናስተውል መልካም ነበር።

ለንስሐ አባቶች አንዲት ልመና አለችን። በመጪው ፍልሰታ የንስሐ ልጆቻችሁን ቤት ስትጐበኙ ወላጆችን ስለ ጾማቸው ከጠየቃችሁ በኋላ «ለልጅህ ቃል ገብተህ ያልፈጸምኸው ነገር አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ በመጀመሪያ ይሥቃሉ፥ ከዚያ ያስባሉ። ያላደረሰው ልጅ «እጾማለሁ» ካለም ጾሙን ከልጁ ጋራ ወሰኑለት፤ ለአንዱ እስከ 3 ሰዓት፥ ለሌላው እስከ 5 ሰዓት ይበቃል። የተባለው ሰዓት ሲደርስም እናቱ «ጥቂት ጨምር» አትበለው፤ ቢችል እንኳ ሰዓቱ ሰዓት ነው፥ ቈሎው ይሰጠው። ከሰዓቱ በፊት ተሸንፎ ከሌማቱ ቢቈርስ ደግሞ በእኅቶቹ ፊት «ጾም ገዳፊ» ብሎ መሳለቅ አይገባም። «እስከ 4 ሰዓት ደርሰህ ነበር፤ ነገ ከዚያ እንጀምራለን» ይባል፥ በነጋውም ከዚያ ይጀመር።